የአንድ ዓመት ደብዳቤ፣ የአራት ዓመት ዕዳ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ታክስ እሠራለሁ። ማርችና ኤፕሪል ላይ ደንበኞቼ ደብልዩ ቱ ከሚባለው የደመወዝ ፎርማቸው ጋር ሌላም ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ ልጃቸውን የተቀበለው ኮሌጅ የላከውን የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤ። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ ልጄ እኮ ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘች» ይሉኛል። አነበዋለሁ። ግራንት አለ፣ ብድር አለ፣ ልጅቷ ሰዓት ቆጥራ ሠርታ የምታገኘው ወርክ ስተዲ አለ፤ ሁሉም ተደምሮ ከታች አንድ የሚያጓጓ ቁጥር ተቀምጧል። ከላይ ደግሞ የትምህርት ዘመኑ ተጽፏል፤ አንድ ዓመት ብቻ። የቀሩት ሦስት ዓመታት የሉም።

የአራቱን ዓመት ዋጋ በጽሑፍ ሳያሳውቅ ቀብድ የሚቀበል ኮሌጅ ቤተሰብን እየበደለ ነው እላለሁ። ሳንጠይቅ የምንከፍለው እኛም ነገሩን እናባብሰዋለን።

ለምን እንደማንጠይቅ ይገባኛል። አገር ቤት ማትሪክ አልፎ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ፣ ውጤቱ እስካላባረረው ድረስ ዶርሙም ካፌውም እስኪመረቅ የእሱ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ወጪ መጋራት ቢመጣም ዕዳው የሚከፈለው ከምረቃ በኋላ ነው፤ በየመስከረሙ ወላጅን «ዘንድሮስ ስንት አለህ?» የሚል የለም። አንዴ ገባ ማለት ገባ ማለት ነው። አሜሪካ ግን ጥያቄው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ፋፍሳ የሚባለው የእርዳታ ማመልከቻ ፎርም በየዓመቱ ይሞላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ነው። የሚያየው የዘንድሮን ገቢ ሳይሆን የሁለት ዓመት ወደኋላውን ነው። ለ2026-27 የትምህርት ዘመን የሚቆጠረው የ2024 ታክስ ነው። ስለዚህ ኡበር የሚነዳ አባት ዘንድሮ ሌሊቱን ጨምሮ ቢሠራ፣ ገቢው ከሁለት ዓመት በኋላ በልጁ እርዳታ ላይ ይታያል፤ ምናልባትም ወገቡን አሞት መኪናውን ባቆመበት ዓመት። እንዲህ ሲሆን የኮሌጁን የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ በማስረጃ «ሁኔታችን ተለውጧል፣ እንደገና ይታይልን» ማለት ይቻላል። ቢሮው ጉዳዩን አይቶ ሊከለክል ይችላል፤ ማንንም አናይም ብሎ በጅምላ መዝጋት ግን ሕጉ አይፈቅድለትም።

ሁለት ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ቀድሞ ሁለት ልጆች አብረው ኮሌጅ ሲሆኑ ወላጅ ይችላል ተብሎ የሚሰላው ገንዘብ ለሁለት ይከፈል ነበር። ከ2024-25 ጀምሮ የፌዴራሉ ስሌት ይህን ትቶታል። በራሳቸው ገንዘብ የሚያስቡላችሁ ኮሌጆች ይኖራሉ፤ «ታናሹ ሲገባ ይቀንስልናል» የሚለው የቆየ ምክር ግን ዛሬ ያሳስታል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በምሳሌ ልናገር። ኮሌጁ በዓመት 30,000 ዶላር ያስከፍላል፣ 12,000 ይረዳል እንበል። ቤተሰቡ 18,000ን በአራት ያባዛና «72,000 ነው» ይላል። ክፍያው በየዓመቱ 4 በመቶ ቢጨምርና እርዳታው በዚያው 12,000 ላይ ቢቆም ግን፣ የአራት ዓመቱ ድርሻ ወደ 79,400 ይጠጋል። ልዩነቱ 7,400 ዶላር ገደማ ነው። በ2025-26 ፌዴራል መንግሥት የሚሰጠው ትልቁ የፔል ግራንት 7,395 ዶላር ነበር። እንግዲህ ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም እርዳታ ሳይቀንስ፣ የአንድ ዓመት ሙሉ ፔል የሚያህል ገንዘብ ከኪስ ወጣ ማለት ነው።

እርዳታው የሚቀነስበትም ጊዜ አለ። አንዳንድ ኮሌጆች ለመጀመሪያው ዓመት ጠቀም ያለ ግራንት ሰጥተው በሁለተኛው ያሳንሱታል። በውጤት የሚሰጠው ስኮላርሺፕም የራሱ ገመድ አለው፤ አንዱ ኮሌጅ ጂፒኤ 3.0 ይላል፣ ሌላው 3.5። ነርሲንግ ወይም ኢንጂነሪንግ የገባች ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪና ካልኩለስ ሲፈትናት ያ ልዩነት ብዙ ሺህ ዶላር ነው።

ብድሩም ደረጃ አለው። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በስሙ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500፣ በሁለተኛው እስከ 6,500፣ ከዚያ በየዓመቱ እስከ 7,500 ዶላር ነው፤ በአራት ዓመት 27,000። ወላጅ በራሱ ስም የሚወስደው የፌዴራል ፕላስ ብድር ደግሞ በ2025 በወጣው ሕግ ጣሪያ ተበጅቶለታል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ወዲህ ለሚጀምሩ አዲስ ተበዳሪዎች ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር አይበልጥም። አስሉት፤ ሦስት ዓመት እስከ ጣሪያው የተበደረ ወላጅ ለአራተኛው ዓመት የሚቀረው 5,000 ብቻ ነው። ልጁ ሊመረቅ አንድ ዓመት ሲቀረው በሩ ይጠባል። ይህን በመጀመሪያው ዓመት ደብዳቤ ላይ የጻፈ ኮሌጅ እኔ አላጋጠመኝም።

የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ከኮሌጆቹ 91 በመቶ የሚሆኑት በደብዳቤያቸው ላይ ቤተሰቡ በእርግጥ የሚከፍለውን ዋጋ ወይ እንደማይጽፉ ወይ አሳንሰው እንደሚጽፉ ገምቷል። ይህ እንግዲህ የአንዱ ዓመት ዋጋ ነው። የመጀመሪያ ወር ኪራይ ብቻ ነግሮ የአራት ዓመት ውል ፈርሙ የሚል አከራይ ቢመጣ ማናችን እንፈርማለን?

«የነገን ዋጋ ዛሬ መናገር አንችልም» የሚሉ ኮሌጆች አሉ። የነገውን አይወቁ፤ ያለፉትን አራት ዓመታት ጭማሪ ግን ያውቃሉ። ስኮላርሺፑ ከተሰጣቸው ተማሪዎች ስንቶቹ እስከ አራተኛው ዓመት እንደያዙትም ያውቃሉ። እነዚህን ሁለቱን እንዲጽፉ የሚያስገድድ ሕግ ይውጣ። ኮሌጆችን በሕግ ማስገደድ እንደሚቻል ሜሪላንድ አሳይታለች፤ በ2017 የሕዝብ ኮሌጆቿ ተማሪው ከውጭ ስኮላርሺፕ ስላመጣ ብቻ የራሳቸውን እርዳታ እንዳይቀንሱ የከለከለችው ከሁሉም ስቴቶች ቀድማ ነው።

ሕጉ እስኪመጣ የእኛ ድርሻ አለ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሚሰበሰበው፣ በየጁኑም ለተመራቂ የሚያጨበጭበው ወገን በማርች አንድ ቅዳሜ መድቦ ደብዳቤዎቹን አብሮ ያንብብ። እንደ ሞንትጎመሪ ባለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወርም በዚያው ሂሳብ ላይ ይግባ፤ ውርደት አይደለም።

ብዙ ኮሌጆች ቀብድ የሚጠይቁት እስከ ሜይ 1 ነው። ከዚያ በፊት ለፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮው በኢሜይል እነዚህን ጠይቁ፦ ግራንቱ በየዓመቱ ይታደሳል? በምን ጂፒኤ? ክፍያው ሲጨምር አብሮ ይጨምራል? ልጄ አንድ ሴሚስተር ውጤቱ ቢወርድበት መልሶ ያገኘዋል? መልሱን በጽሑፍ ካላገኛችሁ፣ የኮሌጁን ግራንት ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ዜሮ ብላችሁ ደምሩ። ያ ድምር ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ቀብዱን አትክፈሉ።