የአንጀት ሕመምተኛና የማዕዱ ነገር በቆቦ

በቆቦና በራያ ቆላ የሚኖር ሰው ሆዱን ቢቆርጠው፥ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥም ቢመላለስበት፥ አስቀድሞ የሚታሰበው አሜባ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም እውነት ይኾናል። ነገር ግን መድኃኒቱ ተወስዶ ሕመሙ ለወራት ሳይለቅ ሰውነትን እያከሳ የሚቈይ እንደ ኾነ፥ ሌላ ደዌ መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓ. ም. ክሮን የተባለው የኒውዮርክ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ ስለ ጻፈበት የክሮን በሽታ የሚባለው፥ ወይም ዘመዱ የኾነው የትልቁ አንጀት ቍስለት ነው። የአንጀት ቲቢም ስለሚመስለው ያለ ምርመራ መለየት አይቻልም።

ይህ ደዌ በምግብ ብቻ አይድንም፤ መድኃኒቱን ጥሎ በአጥሚት እድናለሁ የሚል ሰው ራሱን ይጐዳል። ኾኖም ሕመሙ በተነሣ ጊዜ የሚበላው ነገር ብርቱ ልዩነት አለው። የራያ ሰው ዋና ምግቡ ማሽላ ነው። ከነገለባው የተፈጨ የማሽላ እንጀራ፥ የሽምብራ ቆሎ፥ በርበሬው የበዛ ወጥ፥ ጥሬ ሥጋም ለቈሰለ አንጀት ይከብዳሉ፤ ይልቁንም አንጀቱ ለጠበበበት ሰው ቆሎና ገለባ መንገዱን ሊዘጉበት ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ተወቅጦ ገለባው ከወጣለት ማሽላ የተሠራ ገንፎ ወይም ቀጭን አጥሚት፥ ሩዝ፥ የተቀቀለ ድንች፥ እንቍላል፥ ያለ በርበሬ የተሠራ አልጫ፥ የበሰለ ሙዝ ይሻለዋል። በመስኖ የሚለማው የቆቦ ቲማቲም እንኳ ተልጦ በሚገባ ቢበስል ይቀላል። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎን በጥቂቱ ይሞክር። ቆላው ሙቀት ስለ ኾነም፥ ተቅማጡ ሲበረታ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ቅመም በንጹሕ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ያስፈልገዋል። ሕመሙ ሲተኛ ግን ጥቂት በጥቂት ወደ ልዩ ልዩው ምግብ መመለስ አለበት፤ ከፍርሃት የተነሣ በሩዝ ብቻ የሚኖር ሰው ይመነምናል፥ ደሙም ያንሳል።

ከኹሉ የሚከብደው የጾም ነገር ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን ውሎ፥ ከዚያ ወዲያ ሽሮውን ከነበርበሬው የሚበላ ሕመምተኛ፥ እንቍላልና ወተት ተከልክሎ ከምን አቅም ያገኛል? ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በአንቀጽ 15 ለታመመ ሰው እንደሚያዝን ካህናት ከማንም ይልቅ ያውቃሉ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ስለ ጢሞቴዎስ ሆድ መምከርን አልናቀም። ቁርኣንም በሁለተኛው ምዕራፍ የታመመው በሌላ ቀን እንዲጾም ይፈቅዳል። ሕጉ ሲፈቅድለት ሕመምተኛው የሚያፍረው ጎረቤቱን ነው። ስለዚህ የነፍስ አባቱ፥ እስኪለምነው ሳይጠብቅ፥ ጠርቶ ከጾሙ ቢፈታው፥ በማኅበርና በተዝካርም ለብቻው አልጫ ሲቀርብለት የሚያሽሟጥጠውን ሰው ቢገሥጽለት፥ ግማሹን ሸክም አቀለለለት ማለት ነው።

የቀረው የሹማምንት ሥራ ነው። በባዕድ አገር የተጻፈ የምግብ መምሪያ በቆቦ ገበያ የማይገኝ ፍሬ እየጠራ ይመክራል፤ ድኻውም አንብቦ ይስቃል። ማሽላንና ሽምብራን በስማቸው የሚጠራ አጭር ምክር ታትሞ በየጤና ጣቢያው ቢለጠፍ፥ ወጪው የወረቀትና የቀለም ብቻ ነው።