ስታዲየም የማትሞላው ሀገር

ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር የማትቀር አንዲት ጥያቄ አለች። «ከዚህ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ መሀል አስራ አንድ ልጅ ይጠፋል?» እኔም ብዙ ጊዜ ብያታለሁ። ግን እስቲ መጀመሪያ ሊችተንስታይንን እንይና እንፍረድ።

ሊችተንስታይን በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ መሀል የተሸጎጠች ሀገር ናት። በ1980 (እ.ኤ.አ) ሕዝቧ 25 ሺህ ገደማ ነበር። ሽማግሌ ሕፃን ሳይቀር አዲስ አበባ ስታዲየም ቢገባ ቦታ ይተርፋል ማለት ነው። በዚያው ዓመት በሌክ ፕላሲዱ የክረምት ኦሊምፒክ ሀኒ ቬንዝል በበረዶ ሸርተቴ ሁለት ወርቅና አንድ ብር ወሰደች። ወንድሟ አንድሬያስ ሌላ ብር ጨመረ። አራት ሜዳልያ ከአንድ ቤት!

«ታዲያ እነሱ ከቻሉ እኛስ?» ለማለት አትቸኩሉ። ይህችው ሀገር ወደ ኳስ ስትመጣ ሌላ ናት። የራሷ ሊግ እንኳ የላትም፤ ክለቦቿ የሚጫወቱት በስዊዘርላንድ ሊግ ነው። በ2024 በኔሽንስ ሊግ ሳን ማሪኖ እንኳ ደርሶ መልስ አሸንፏታል። ሕዝቡ ያው ነው። ልዩነቱ ተራራው ነው። በረዶው ደጃቸው ነው፣ ልጁ ገና በትንሽነቱ ሸርተቴ ይለምዳል፣ የጎደላቸውን ደግሞ ከጎረቤት ያሟላሉ። የሀኒ ልጅ ቲና ቫይራተር ስትሰለጥን የነበረው ከስዊዞች ጋር ነው።

ነገሩን ግን ተረት አናድርገው። ሀገሪቱ እስከ 2022 በክረምት ኦሊምፒክ ያገኘቻቸው 10 ሜዳልያዎች በሙሉ የቁልቁለት ሸርተቴ ናቸው። 7ቱን ያመጡት ሀኒ፣ አንድሬያስና ቲና ናቸው፤ 2ቱን የፍሮመልት ወንድማማቾች። ከ1988 በኋላ 30 ዓመት ሙሉ ባዶ እጅ ነበር። ቲና በ2014 ሶቺ ላይ ባንዲራ ይዛ ገብታ፣ በልምምድ ተጎድታ ሳትወዳደር ቀረች። ነሐሱን ያመጣችው በ2018 በፒዮንግቻንግ ነው። አንዲት ልጅ ስታነክስ ሀገር አብሮ ያነክሳል።

የብዛት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ሲጎዳ ሌላ አለ። ሌላው የሚገኘው ግን ሲፈልጉት ነው። እኛ ሚሊዮኑን እንቆጥራለን እንጂ የሰፈር ሜዳውን፣ የታዳጊ ቡድኑንና አሰልጣኙን አንቆጥርም። እናም በሚቀጥለው ሽንፈት ጥያቄዋን ትንሽ እንቀይራት፦ ከዚህ ሁሉ ሚሊዮን ስንቱ ልጅ ሜዳ አገኘ?