የልደት ዝግጅት ከሒሳብ ይጀምራል

በዘመነ ምጽአት የመጀመሪያ እሑድ የላቲን ሥርዓት ወደምትከተል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው፣ ስለ ግርግምና ስለ ሕፃኑ እሰማለሁ ብሎ ከሆነ የሚነበበው ወንጌል ያስደነግጠዋል። ንባቡ ስለ ዓለም ፍጻሜ ነው፤ የሰው ልጅ ባልታሰበ ሰዓት እንደሚመጣና ነቅቶ መጠበቅ እንደሚገባ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ምእመናኗን ለልደት የምታዘጋጀው ከፍርድ ቀን ተነሥታ ነው። ብዙዎቻችን ይህን እሑድ እንደ መግቢያ ቆጥረን እናልፈዋለን። እኔ ግን የዘመኑ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። አድቬንት የሚባለው ይህ ወቅት ከሁሉ በፊት የመተሳሰቢያ ጊዜ ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር ያለብን ሒሳብ ደግሞ ከሰው ጋር ያለብን ሳይዘጋ አይዘጋም።

ዘመኑ ለኖቬምበር 30 በሚቀርበው እሑድ ይገባና አራት እሑዶችን ይዞ በልደት ዋዜማ ይፈጸማል። ካህኑ ሐምራዊ ይለብሳል፤ በሰንበት ቅዳሴ የሚዘመረው ግሎሪያ ይቀራል፤ ሃሌ ሉያ ግን ይቀጥላል። እስከ ዲሴምበር 16 ድረስ ሐሳቡ ወደ ዳግም ምጽአት ያዘነብላል፤ ከ17 እስከ 24 ያሉት ቀናት ደግሞ ወደ ቤተ ልሔም ይመራሉ። እመቤታችንና ዮሴፍ ጎልተው የሚታዩት በአራተኛው እሑድ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሁለቱ እሑዶች የመጥምቁ ዮሐንስ ናቸው። የሕፃን ልደት ለማክበር በሚዘጋጅ ሕዝብ ፊት የግመል ጠጉር የለበሰ፣ አንበጣ የሚበላ፣ ሰውን የእፉኝት ልጆች እያለ የሚገሥጽ ሰው ለሁለት ሳምንት ይቆማል።

ሉቃስ በምዕራፍ 3 የጻፈውን ረጋ ብለን እንየው። ሕዝቡ ስብከቱ ልባቸውን ነክቶት ምን እናድርግ ብለው ይጠይቁታል። ዮሐንስ ስለ ጸሎት ርዝመት አላወራቸውም፤ በረሃ ግቡም አላላቸውም። ሁለት ልብስ ያለው አንዱን ለሌለው ይስጥ፣ ምግብ ያለውም እንዲሁ ያድርግ አላቸው። ቀራጮች መጡ፤ ከተተመነው በላይ እንዳይሰበስቡ ነገራቸው። ወታደሮች መጡ፤ ሰውን አስፈራርተው እንዳይቀሙ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸው እንዲበቃቸው አዘዛቸው። ለሦስቱም የሰጠው መልስ ስለ ልብስ፣ ስለ እህልና ስለ ገንዘብ ነው። አንዱንም ሥራህን ተው አላለውም። በያዝከው ሚዛን ላይ፣ በቆምክበት ኬላ ላይ ቀና ሁን ነው ያለው።

ይህ ንባብ በሦስት ዓመቱ የንባብ ዙር ውስጥ የሚደርሰው በሦስተኛው እሑድ ነው፤ በቅርቡ የተነበበውም በ2024 ዲሴምበር ነበር። ሦስተኛው እሑድ የደስታ እሑድ ይባላል። ሐምራዊው ልብሰ ተክህኖ ለአንድ ቀን በጽጌረዳ ቀለም ይለወጣል፤ ከዚህ ወንጌል ጋር የሚነበቡት የሶፎንያስ ትንቢትና የጳውሎስ መልእክትም ደስ ይበላችሁ ይላሉ። ደስ ይበላችሁ በተባለበት ቀን ትርፍ ልብስህን ስጥ መባሉን ልብ በሉ። ደስታውም ትእዛዙም በአንድ ቅዳሴ ይሰማሉ።

ይህ ማኅበራዊ ግዴታ እንጂ መንፈሳዊ ሕይወት አይደለም የሚል ይኖራል፤ ዘመኑ የጽሞና ነው ይላል። ጽሞና እንደሚያስፈልግ አልክድም። ነገር ግን የጽሞናው መምህር የክሌርቮው ቅዱስ በርናርዶስ ራሱ ምን እንዳስተማረ እንመልከት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሰበከው ስብከት ስለ ሦስት ምጽአቶች ተናገረ፤ አንዱ በሥጋ የሆነው፣ አንዱ በክብር የሚሆነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ በነፍስ ውስጥ በስውር የሚፈጸመው ነው። ይህ መካከለኛው ምጽአት ወደ ማን ይመጣል? የጌታን ቃል ወደሚጠብቅ ሰው። ቃል የሚጠበቀው ደግሞ በሥራ ነው።

የዘመኑ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የቱር ጳጳስ የነበረው ፔርፔቱስ ከቅዱስ ማርቲን በዓል፣ ከኖቬምበር 11 ጀምሮ እስከ ልደት በሳምንት ሦስት ቀን እንዲጾም ሥርዓት አወጣ። ማርቲን በአሚየን ከተማ በር ላይ ለለማኝ ካባውን ለሁለት ቆርጦ የሰጠው ወታደር ነው፤ ጾሙ የሚገባው በእርሱ በዓል ነበር። ዛሬ የላቲን ሥርዓት በዘመነ ምጽአት የግዴታ ጾም የለውም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል። እኛ ኅዳር 15 የሚገባውን ጾመ ነቢያት፣ በመጨረሻም ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ የሚባሉትን ሰንበታት የምናውቅ ሰዎች ሆድ ሳይጎድል የሚደረግ ዝግጅት ምን ያህል ቶሎ ወደ ገበያ እንደሚያዘነብል እናያለን። ጾም ባለበትም ቢሆን ከማዕድ የቀረው ለተራበ ካልደረሰ ወጪ ከመቀነስ አያልፍም።

ዛሬ በየካቶሊክ ቤቱ የሚበራው ባለ አራት ሻማ አክሊል እንኳ መነሻው የድሆች ቤት ነው። በ1839 ሃምቡርግ ውስጥ ችግረኛ ልጆችን ያሳድግ የነበረው የሉተራን ፓስተር ዮሐን ሂንሪሽ ቪሸርን፣ ልጆቹ ልደት ስንት ቀን እንደቀረው እንዲቆጥሩ በመንኮራኩር ላይ ሻማ ተከለላቸው። ካቶሊኮች የተቀበሉት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሻማውን ወስደን ልጆቹን መርሳት የለብንም።

በዚህ ዘመን በየደብሩ የንስሐ መርሐ ግብር ይዘጋጃል፤ ሰልፉም ይረዝማል። የካቶሊክ ትምህርት በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ ፍትሐት ኃጢአትን ያስወግዳል፣ ኃጢአቱ ያደረሰውን ጉዳት ግን ሁሉ አይጠግንም። የሰረቀ ይመልሳል፣ ስም ያጠፋ ያቃናል፣ የጎዳ ይክሳል። ካህኑ ይቅርታን ያውጃል፤ የተያዘ ደመወዝ ግን የሚከፍለው የያዘው ሰው ነው። አዲስ አበባም ሆነ ቤይሩት ወይም ሪያድ፣ ደመወዟ በበዓል ሰሞን ለሚቀጥለው ወር የሚተላለፍባት የቤት ሠራተኛ ዮሐንስ ለወታደሮቹ አትቀሙ ብሎ ከተናገረው ጋር በቀጥታ ትገናኛለች። አሠሪዋ ጾሞና ቆርቦ ቢያከብርም ዝግጅቱ አልተጀመረም።

ስለዚህ ለልደት የምትዘጋጁ ሁሉ፣ የበዓሉን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡና ያለባችሁን ጻፉ፤ የማን ደመወዝ፣ የማን ብድር፣ የማን ስም እንደሆነ። ከአራተኛው እሑድ በፊት ክፈሉ፣ ደውሉ፣ ይቅርታ ጠይቁ። ከዚያም ወደ ንስሐ ሂዱ።