አገር ስጠኝ

(ረዘም ይላል። ቡና የያዘ ይቀጥል፣ የቸኮለ ማታ ይመለስበት።)

ሰሞኑን ኩታበር ነኝ። ክረምታችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፣ ጋቢ ሳይደርቡ ደጅ አይወጣም። ትናንት የጎረቤታችን ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ማትስ ዲፓርትመንት፣ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ ለእረፍት የመጣ። ወዶ አልገባበትም፤ ምርጫው ሌላ ነበር፣ ተመደበ። ይሄ እንኳ አዲስ አይደለም፤ የማትስ ክፍል ግማሹ ሁልጊዜም "ተመድቤ ነው" ባይ ነው።

"ስንት ናችሁ?" አልኩት።

"ዘጠኝ።"

"ከማን ጋር ታጠናለህ?"

ስልኩን አወጣ። "ግሩፕ አለን ጋሼ።"

ቴሌግራም ነው። ከፍቶ አሳየኝ። በፎቶ የተነሳ የድሮ ፈተና፣ የሃንድአውት ፒዲኤፍ፣ የመውጫ ፈተናው ብሉፕሪንት፣ በመካከሉ ደግሞ "ነገ ክላስ አለ እንዴ?" የሚል ጥያቄ፣ ከሥሩ ማንም ያልመለሰለት። ዳታ ሲጠፋ ግሩፑም አብሮ ይጠፋል አለኝ እየሳቀ።

"ኧረ እሱን አይደለም። ዘጠኛችሁ ተቀምጣችሁ፣ አንዱ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሌላው እየጠየቀ አታጠኑም ወይ?"

ቀና ብሎ አየኝ። "ለምን?" አለኝ። ሊያሾፍ አይደለም፤ የምሩን አልገባውም።

ይሄ "ለምን" ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። ደግሞ አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ሳምንት የሥራ ባልደረባዬ የነበረ ወዳጄ አንድ ረቂቅ መመሪያ ልኮልኝ ነበር፦ "የአቻ ለአቻ ጥናት አፈጻጸም"። ተማሪ በውጤት ይደለደላል፣ የቡድን መሪ ይኖረዋል፣ አቴንዳንስ ይያዛል፣ በየሳምንቱ ሪፖርት ይቀርባል። "አስተያየትህን ጻፍልኝ" አለኝ። ለእሱ ብቻ ከምጽፍለት ለሁላችሁም ብዬ እዚሁ ጻፍኩት። አስተያየቴ አጭር ነው፤ አቴንዳንሱን ቅደደው። ረጅሙ ለምን እንደዚህ እንደምል ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር እኔ ራሴ በእጄ አፍርሼዋለሁ።

2005 ዓ.ም. ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ፣ የዲፓርትመንቱ አስተባባሪም ነበርኩ። የ70/30 ዘመን ነው፤ ተፈጥሮ ሳይንስ ሞልቶ ፈሷል፣ እኛ ጋ እንኳ የአንድ ባች ተማሪ ከሃምሳ ይበልጥ ነበር። አንድ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ የረሳሁትን የፈተና ወረቀት ልወስድ ስመለስ ከኮሪደሩ መጨረሻ ሳቅ ሰማሁ። ከዚያ ደግሞ ጩኸት፦ "አገር ስጠኝ!"

በሩ ላይ ቆምኩ። ሰሌዳው የተሰነጠቀ ስለሆነ ክላስ የማናስተምርበት ክፍል ነው። አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች ተቀምጠዋል፤ ከለጋምቦ የመጣች አንዲት ልጅ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። የሚጫወቱት እንቆቅልሽ ነው። ግን የሊሚት እንቆቅልሽ።

ማትስ ያልተማራችሁ ታገሱኝ፣ አጭር ነው። አንድ ፈንክሽን ቀጣይ ነው (ካልኩለሱ "ኮንቲኒዩስ" የሚለው ነው) ለማለት፣ ማንኛውም ኤፕሲሎን ሲሰጠን፣ የቱንም ያህል ትንሽ ይሁን፣ ለእሱ የሚበቃ ዴልታ ማግኘት አለብን። ተማሪ ሁሉ ይህቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ይሸመድዳታል፤ ፈተና ላይ ይጽፋታል፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ ብትጠይቁት ግን ይደናበራል። ልጅቷ ምን አደረገች? ኤፕሲሎን እንቆቅልሹ ነው አለች፣ ዴልታ ደግሞ መልሱ። "እንቆቅልህ!" ትላለች። "ምን አውቅልሽ!" ይላል ከፊቷ ያለው። ኤክስ ስኩዌር፣ ሁለት ላይ፣ ኤፕሲሎን 0.01! ልጁ ያስባል፣ ይሰርዛል፣ "0.002!" ይላል። ከየት አመጣኸው? ሁለት አካባቢ ኤክስ ሲደመር ሁለት ከአምስት አይበልጥም፣ ስለዚህ ኤፕሲሎንን ለአምስት አካፈልኩ። ትክክል! ቀጥሎ እሷ ዜሮ ላይ ሲደርስ ከ0 ወደ 1 የሚዘል ግራፍ ሣለች። ኤፕሲሎን ግማሽ! ልጁ 0.1 አለ፣ አልሆነም። 0.001 አለ፣ አልሆነም። የቱንም ያህል ቢያጠበው ዝላዩ እዚያው አለ። "አገር ስጠኝ!" አለች፣ ክፍሉ ተናወጠ። ልጁ ዞር ሲል እኔን በሩ ላይ አየኝ። የትውልድ አገሬን ያውቃሉ። "ኩታበርን ሰጠሁሽ!" አላት።

ያን ትርጓሜ ስድስት ዓመት አስተምሬዋለሁ። እንደዚያ ማታ ያለ ማብራሪያ ከእኔ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ እየተመላለስኩ አየኋቸው። ጎበዟ ብዙ አትናገርም ነበር። ብዙ የሚጠይቀው ካልኩለስ ወድቆ የሚደግም አንድ ልጅ ነው፤ "ቆይ፣ ቆይ፣ እዚህች ጋ መልሱልኝ" ይላል፣ ይመልሱለታል። መለስ ባደረጉለት ቁጥር ደግሞ አውቃለሁ ብሎ የተቀመጠው ራሱ እንዳልገባው ይታወቀዋል። ለፎቶኮፒ ብር ያዋጣሉ፤ መዋጮውን "ቅሬ" ነው የሚሉት። (ለሩቅ አገር ወዳጆቼ፦ እናንተ ዕድር የምትሉትን እኛ ወሎ ቅሬ እንላለን።) ከሌላ ክልል የመጡት ልጆች ሳይቀሩ "ቅሬ ክፈል" ማለት ለምደው ነበር። የአንዱ አባት ሲያርፉ የትራንስፖርቱን ያወጣው ያ ቅሬ ነው። ረመዳን ሲገባ ሰዓቱን ከፍጥር በኋላ አዛወሩት። ይሄን ሁሉ ማንም አላዘዛቸውም።

ከዚያ ትእዛዝ መጣ፤ ተማሪ ሁሉ በ1ለ5 ይደራጅ። እኔም ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ሌላው ከዜሮ ሲጀምር እኔ ያለቀለት ነገር አለኝ፣ መመዝገብ ብቻ ነው አልኩ። ውጤት ዘርዝሬ ከላይ ያሉትን መሪ፣ ከታች ያሉትን ተመሪ አደረግኩ። የለጋምቦዋን ልጅ ከሚያስቋት ልጆች ነጥዬ ሌላ ቡድን አናት ላይ አስቀመጥኳት። ፎርም አሳተምኩ፦ ቀን፣ ርዕስ፣ የተገኙ፣ ያልተገኙ፣ ያጋጠመ ችግር፣ የተወሰደ መፍትሔ።

ወር ሳይሞላ ክፍሉ ጸጥ አለ። ሪፖርቱ ግን ሙሉ ነበር! በየሳምንቱ አርብ ይደርሰኛል፣ ሁሉም ተገኝቷል፣ ችግር የለም። አንዱን ቡድን ፎርም አገላብጬ ሳየው የአራት ሳምንቱ ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቀን የተፈረመ ነው። የዚያ የሚደግመው ልጅ ቡድን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዊዝድሮው ሞልቶ ወጣ። ያስወጣው የእኔ ፎርም ነው አልልም፤ ሌላም ሸክም ነበረበት። ግን ሳያፍር "መልሱልኝ" የሚልበት አንድ ቦታ ነበረው፤ እኔ ያንን ቦታ ወስጄ ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ስሙን ጻፍኩለት።

ወዳጄ፣ ረቂቅህ ላይ "በውጤት ይደለደላል" የሚለውን ሳነብ የታየኝ ይሄ ነው።

ስሜት ብቻ እንዳይመስልህ አንድ የታወቀ ነገር ልጨምር። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ዩሪ ትራይስማን የሚባል ሰው በርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ነገር ይመረምር ነበር፤ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን ይወድቃሉ? መምህራኑ መልሱ ነበራቸው፦ ፍላጎት ማነስ፣ የቤተሰብ ሁኔታ፣ የመሰረት ችግር። (የምናውቃቸው መልሶች ናቸው አይደል?) እሱ ግን ሄዶ አጠናናቸውን አየ። ልጆቹ ይለፋሉ፤ ግን ብቻቸውን። ቻይናውያን አሜሪካውያኑ ደግሞ አብረው ይቀመጣሉ፣ ይተራረማሉ፣ እግረ መንገዳቸውን ይበላሉ። ትራይስማን ከዚያ ያቋቋመው የደካማ ተማሪ ማጠናከሪያ አልነበረም፤ ከክፍሉ ይልቅ የሚከብድ ጥያቄ እየሰጠ በጋራ የሚያሠራ ወርክሾፕ ነው። የተሳተፉት ልጆች ውጤት ተሻሻለ። የቁም ነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ የተሰበሰቡት ከባድ ነገር ስላለ ነው እንጂ ደካማ ስለተባሉ አይደለም።

ለነገሩ እኛ ይህን ለመማር በርክሌይ መሄድ አልነበረብንም። የቆሎ ተማሪ ከየኔታ የተቀበለውን ማታ ከፍ ካለው ተማሪ ጋር ይቀጽላል። ደረሳውም ሸኹ ያቀሩትን ከጓደኛው ጋር ይደጋግማል። ተድባበ ማርያምና ጀማ ንጉሥ ያሉበት አገር ሰዎች ሆነን ሳለ ለጥናት ፎርም ማሳተማችን ሲገርመኝ ይኖራል።

መልስህን አውቀዋለሁ፤ "ካልተቆጠረ አይመጡም።" ግማሹ እውነት ነው። ያኔም ከሃምሳው የሚመጣው አሥራ አምስቱ ነበር። በራሱ የሚሰበሰብ ሰው ደግሞ ከአገሩ ልጅና ከቋንቋው ሰው ጋር መሰብሰብ ይወዳል፤ ይህንንም አይቻለሁ፣ ለአንድ ግቢ ቀላል ነገር አይደለም። ሴቶቹማ ከሁሉ ይብሳሉ። የለጋምቦዋ ልጅ ብዙ ጊዜ ጨዋታው ሲደምቅ ደብተሯን ሰብስባ የምትሮጠው የዶርም በር ሳይዘጋባት ለመድረስ ነበር፤ ወንዶቹ እስከ ስድስት ሰዓት ይቀመጣሉ። ይሄን ያኔ አላሰብኩትም። አሁን ሳስበው ግን መድኃኒቱ አቴንዳንስ አይደለም። ሰዓቱን ወደ ቀን ማምጣት፣ ክፍሉን ሁሉም ከሚያልፍበት ቦታ ማድረግ፣ በሩን ክፍት መተው ነው። መምህሩም አልፎ አልፎ ብቅ ይበል፤ ሊቆጥር ሳይሆን አንድ የሚያቃጥል ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሊሄድ። ስታኒስላው ማዙር የተባለው የፖላንድ የሒሳብ ሊቅ በ1936 (በፈረንጆች) ልቮቭ ከተማ ካፌ ውስጥ ጓደኞቹ በሚጽፉበት ደብተር ላይ አንድ ጥያቄ ጽፎ ለሚፈታው ዝይ ከነነፍሷ ቃል ገባ። ጥያቄውን ስዊድናዊው ፐር ኤንፍሎ በ1972 ፈታው፣ ዝይዋንም ተቀበለ። እኛ ዝይ ባናገኝ ዶሮ አናጣም።

ጊዜው ደግሞ ያመቻል። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ግቢ የሚገባው ተማሪ ሳስቷል። እኛ ልጆች ሳለን ማትስ ለመማር አዲስ አበባ ድረስ እንሄድ ነበር፤ ዛሬ ደሴም፣ ቱሉ አውሊያም፣ መካነ ሰላምም ግቢ አለ፣ ክፍሎቹ ግን ባዶ ባዶ ይላሉ። ሁሉም "ተማሪ አነሰ" ብሎ ያለቅሳል። እኔ ዘጠኝ ሲለኝ የታየኝ ሌላ ነው፤ ዘጠኝ ሰው እኮ ለአንድ ሰሌዳ ልክ ነው! አንድም የሚደበቅበት የኋላ ወንበር የለም።

ልጁን ዛሬ ጠዋት መልሼ ጠራሁት። የአምናውን ካሌንደር ገልብጬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና "እንቆቅልህ" አልኩት። አፈረ። "ምን አውቅልዎ" አለ በመጨረሻ። ኤክስ ስኩዌርን መላው የቁጥር መስመር ላይ ሰጠሁት፤ ለሁሉም ቦታ የምትበቃ አንዲት ዴልታ አምጣልኝ። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ታገለ። ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ዴልታው ያጥርበታል። ደሴን ሰጠኝ፣ አቀስታን ጨመረልኝ፤ መልሱን ግን አልነገርኩትም። ሲወጣ ካሌንደሩን በስልኩ ፎቶ አነሳው። "ግሩፑ ላይ ልልቀቀው?" አለኝ። ልቀቀው አልኩት፣ መልሱን ግን ስትገናኙ ሰሌዳ ላይ።

ወዳጄ፣ ከረቂቅህ ላይ የፎርሙን ገጽ አውጣና በቦታው የክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ጻፍ። ተማሪዎቹ ጋ ይቀመጥ። የጠመኔውን እኔ እችላለሁ።

የለጋምቦዋ ልጅ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ያኔ ይቅርታ አልጠየቅኩሽም። ኩታበር ተሰጥታሻለችና መጥተሽ ተረከቢ፤ ቡናው ከእኔ።