እድሩስ የት ይግባ?

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የሰዉ ወሬ ሁሉ ካሬ ሜትርና ኮንዶሚኒየም ነበር። ስለ እድሩ ሲጠየቅ ግን አልሰማሁም።

እስቲ አስቡት። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 አዋጅ የመንግሥት ሆኗል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ካርታ የለውም። ያለው እድር ነው፦ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ መዝገቡ፣ ጥሩንባው። ሰው ዳር ከተማ ሲበተን ይሄ ሁሉ ማን ጋ ይሄዳል? ለቅሶ ቤት ድንኳኑን ማን ይተክላል?

አውስትራሊያ ውስጥ ኤዲ ማቦ የጀመረው ክርክር እ.ኤ.አ. በ1992 ለነባር ሕዝቦች የመሬት መብት አስፈረደ (እሱ ራሱ ፍርዱን ሳያይ ሞተ)። በዓመቱ የወጣው ሕግ መብቱን የሚይዝ የማኅበረሰብ ድርጅት እንዲኖር አደረገ። ማዕድን ቆፋሪው የሚደራደረው ከማኅበረሰቡ ጋር እንጂ አንድ በአንድ ከየሰዉ ጋር አይደለም።

አራዳ ከየአገሩ የመጣ ሰው ሰፈር ነውና እኛም ነባር ሕዝብ ነን አልልም። ድርጅቱ ግን እኛ ጋ ድሮም አለ! ኮሪደሩ ያምራል፣ አልክድም። ብቻ ሰፈር ሲነሳ የእድሩ ዳኛም ለስብሰባ ይጠሩ፤ አባላቱም አንድ ሳይት ላይ ይስፈሩ፤ ለድንኳኑም ማስቀመጫ ክፍል ይሰጠው።