ስለ ሥጋ ምርመራና ስለ ባለልኳንዳው መብት

ከቦረና፣ ከአርሲና ከባሌ ለዕርድ ከሚመጡት ከብቶች ብዙዎቹ ወደ ዋናው ከተማ የሚገቡት በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል አድርገው በአቃቂ ነው። የአቃቂ የቁም ከብት ገበያም ከከተማው ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የጤና ተቆጣጣሪ በሥጋ ላይ ስላለው ሥልጣን መነጋገር ለአቃቂ ቃሊቲ ነጋዴ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም።

ከባለልኳንዳዎች አፍ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቅሬታ፣ «በቄራ ተመርምሮ ማኅተም የተመታበትን ሥጋ ተቆጣጣሪ በሱቄ ውስጥ ደግሞ ምን ይፈልግበታል?» የሚል ነው። ቅሬታው ለጆሮ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ስሕተት አለበት። የቄራው ሐኪም በሬውን በቁሙ ካየ በኋላ፣ ከታረደ ደግሞ የመንጋጋውን ሥጋ፣ ምላሱንና ልቡን እየሰነጠቀ የኮሶ ትል ዕጭ ይፈልጋል፤ ጉበቱንና ሳንባውንም ይመረምራል። ማኅተሙ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ሥጋው ከቄራ ከወጣ በኋላ በመኪና ላይ፣ በመስቀያው፣ በቢላዋውና በመክተፊያው የሚደርስበትን ግን ማኅተሙ አያውቅም። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር፣ ቁርጥና ክትፎ ያለ እሳት በሚበላበት ገበታ፣ ሁለተኛው ዓይን ትርፍ ነው ለማለት እኔ አልደፍርም። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። (ዛሬ እንክብሉ ምሬቱን አስቀርቶልናል፤ ትሉን ግን አላስቀረልንም።)

የአዲስ አበባ ቄራ በ1949 ዓ.ም. ተቋቋመ። የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ወጣ። ከዚያ ወዲህ በ1992 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200፣ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 661፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ተከታትለው ታውጀዋል። ተቆጣጣሪ ገብቶ የማየት ሥልጣን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ይቀነስ ከሚሉትም ወገን አይደለሁም።

የእኔ ክርክር በወረቀት ላይ ነው። ዕቃው በቃሊቲ ጉምሩክ የተያዘበት አስመጪ ምን ያህል ዕቃ፣ በምን ምክንያት እንደተያዘ የሚገልጽ ጽሑፍ በእጁ እንዲኖር ይፈልጋል፤ ያለዚያ አቤቱታውን በምን ያቀርባል? ባለልኳንዳውም ነጋዴ ነው። ሥጋ እንደ ጨርቅ በመጋዘን ተቀምጦ ውሳኔ አይጠብቅም፤ ከተወገደ በኋላ ማስረጃ የሚሆነው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚጠነክረው በሬውን የሚገዛው ባለልኳንዳው ራሱ በመሆኑ ነው። ቄራው ያርድለታል፣ ይመረምርለታል፣ እስከ ሱቁም ያደርስለታል። እንግዲህ በሱቁ ውስጥ ጭኑ ሲከፈት ዕጭ ቢገኝበት፣ ጉድለቱ የምርመራው እንጂ የባለሱቁ አይደለም። ሥጋው በሙቀት ወይም በንጽሕና ጉድለት ተበላሽቶ ቢገኝ ግን ጥፋቱ የባለሱቁ ነው፤ ወይም ዘግይቶ ያደረሰው መኪና ነው። እነዚህ ነገሮች ሳይለዩ በደፈናው «የማይበላ ሥጋ ተገኘበት» ከተባለ፣ ንጹሑም ሰው ከጥፋተኛው ጋር ስሙ ይጠፋል። በሰፈር ውስጥ የልኳንዳ ስም አንድ ጊዜ ከጠፋ ደግሞ ደንበኛ አይመለስም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው መታወቂያውን አሳይቶ ይግባ፤ የሚያስወግደውን ሥጋ መዝኖ፣ ሰዓቱን፣ የማኅተሙን ሁኔታና ምክንያቱን ጽፎ ይፈርም፤ አንዱን ቅጅ ለባለሱቁ ይተውለት። ባለሱቁም በበኩሉ ሥጋውን የተረከበበትን ሰዓት መመዝገብ ይልመድ።

ሌላው በደል በጓሮ ከሚታረደው ሥጋ የሚመጣ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ለቤቱ የሚካፈለው ቅርጫ የቆየ ልማድ ስለሆነ ስለ እርሱ አልናገርም። ነገር ግን በጓሮ ታርዶ፣ ማኅተም ሳያይ፣ በሌሊት ወደ ምግብ ቤት የሚገባ ሥጋ ንግድ ነው። ፈቃድ አውጥቶ፣ ግብር ከፍሎ፣ በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ሱቁን የሚዘጋ ክርስቲያን ባለልኳንዳ ይህን ሥጋ በዋጋ ሊወዳደረው አይችልም። ተቆጣጣሪው የታወቀውን በር ብቻ እያንኳኳ የምግብ ቤቱን ጓዳ ካለፈው፣ ሥልጣኑ የሚከብደው ሕግ አክባሪውን ብቻ ይሆናል።

ላኪዎችም ይህ አይመለከተንም አይበሉ። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ሳዑዲ ዓረቢያ የሪፍት ቫሊ ትኩሳትን ምክንያት አድርጋ ከአፍሪካ ቀንድ የሚላከውን ከብት ባገደች ጊዜ፣ የራሱ መንጋ ጤነኛ የነበረውም ላኪ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ተጎድቷል። ገዢው አገር የሚያምነው የላኪውን ቃል ሳይሆን የመርማሪውን ፊርማ ነው።

ንግድ ምክር ቤቱ የከተማውን የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን፣ የቄራውን ድርጅትና የልኳንዳ ነጋዴዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ፣ ሥጋ ሲወገድ የሚሞላ አንድ ገጽ ቅጽ ከፋሲካ በፊት እንዲዘጋጅ ቢያደርግ መልካም ነው። የፋሲካ ዋዜማ ዕርድ ሲደራረብ፣ ተቆጣጣሪውም ባለሱቁም እንቅልፍ ባጡበት ሌሊት፣ ስለ አሠራሩ መከራከር ለማንም አይመችም።