ሰው ብቻ ሲቆጠር መሬቱ ይረሳል

ባርሴሎና ያረፈችበት መሬት 101 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ላይ ከ1.6 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይኖራል። ከከተማዋ ወደ ሰሜን፣ የፒሬኒስ ተራሮች በሚጀምሩበት አካባቢ ያለችው ጎሶል ደግሞ 56 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት አላት፤ ነዋሪዎቿ ግን 200 ገደማ ናቸው። በስፋት የባርሴሎናን ግማሽ የምታልፍ የገጠር ማዘጋጃ ቤት ናት ማለት ነው። በበጀት ሰንጠረዥ ላይ ግን ከቁጥር የምትገባ አትመስልም። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጎሶል ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ 2,506 ሜትር ከሚደርሰው ባለ ሁለት ጫፍ የፔድራፎርካ ተራራ አጠገብ ትገኛለች። ክረምቷ በረዷማ ነው። የቀድሞዋ መንደር ኮረብታው አናት ላይ ካለው ምሽግ ሥር ነበረች፤ ዛሬ ፍርስራሿ ብቻ ቀርቷል። የአስተዳደር ካርታውም ለብቻው ግራ ያጋባል፦ ወረዳዋ በርጌዳ ነው፤ የበርጌዳ ጎረቤቶቿ በባርሴሎና ክፍለ ሀገር ሥር ሲሆኑ እሷ ብቻ በ1833 በተሠመረው ወሰን ወደ ሌይዳ ተጥላለች።

ሰዉ የተመናመነው በአንድ ጀምበር አይደለም። ባርሴሎናም ጎሶልም በሚገኙባት በካታሎኒያ የቆየ ልማድ ቤቱና ርስቱ ሳይከፋፈል ለአንድ ወራሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለበኩር ልጅ ይሰጥ ነበር። ልማዱ ማሳው እንዳይበጣጠስ ጠብቆታል፤ ታናናሾቹን ግን ወደ ሌላ እንጀራ ገፍቷቸዋል። በዮብሬጋት ወንዝ ዳርቻ የተተከሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችና የበርጌዳ የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች ብዙ የተራራ ልጆችን ተቀበሉ። በኋላ ባርሴሎና ራሷ ወራሾቹንም ጭምር ሳበች።

ሰው ሲሄድ መሬቱ ባለበት አይቆይም። የታረሰውና የተጋጠው ቦታ ደን ይውጠዋል፤ የማይጋጥና የማይመነጠር ደን ደግሞ እሳት የሚጠብቅ ማገዶ ነው። በ1994 በበርጌዳና በአጎራባቹ ባጄስ የተነሣው ቃጠሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር አወደመ። እንዲህ ያለ እሳት የሚገታው በአውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ በመንጋና በእረኛም ጭምር ነው። የጎሶል ውኃም ወደ ካርዴኔር ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ዮብሬጋት ይወርዳል፤ ዮብሬጋት ደግሞ ባርሴሎናን ከሚያጠጡት ዋና ወንዞች አንዱ ነው። በየካቲት 2024 በድርቁ ምክንያት የባርሴሎና አካባቢ በውኃ የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ሥር ሲገባ፣ የከተማው ሰው ስለ ምንጮቹ ባለቤቶች ሊያስብ በተገባው ነበር።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የስፔን መንግሥት ለአብዛኞቹ ማዘጋጃ ቤቶች ከሚያከፋፍለው ገቢ ሦስት አራተኛው የሚሰላው በሕዝብ ብዛት ነው። ስሌቱ ግን ሰውን ሁሉ እኩል አይመዝንም። ከ50,000 በላይ ሕዝብ ባለው ከተማ የሚኖር ሰው በ1.40 ሲባዛ፣ 5,000 ወይም ከዚያ በታች ባለበት ቦታ የሚኖረው በ1 ብቻ ይባዛል። ትልቅ ከተማ ተጨማሪ አገልግሎት እንደሚሰጥ አልክድም። ሆኖም በረዶ ጠርጎ መንገድ መክፈት፣ ተበታትነው ላሉ ቤቶች ውኃ ማድረስ፣ ጫካ መጠበቅ በነዋሪ ቁጥር አይቀንስም። ወጪው መሬቱን ተከትሎ ይመጣል።

ደግሞ የነዋሪዎች መዝገብ የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው። ሠዓሊው ፒካሶ በ1906 ከፍቅረኛው ከፈርናንድ ኦሊቪዬ ጋር በጎሶል ቆይቷል፤ ያንን ትዝታና ተራራውን ፈልጎ የሚመጣ እንግዳ፣ በበጋ ብቻ ቤቱን የሚከፍት የከተማ ሰውም ብዙ ነው። ቆሻሻቸውን የምታነሣው ግን በ200 ሰው በጀት የምትተዳደረው መንደር ናት።

በ2022 ጎሶል ትምህርት ቤቷ እንዳይዘጋ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች መጥተው እንዲኖሩባት ጥሪ አቀረበች። ጥሪው የሚያስመሰግናት ቢሆንም ሸክሙን ለብቻዋ መሸከሟ ፍትሐዊ አይደለም። ከካታሎኒያ 947 ማዘጋጃ ቤቶች ግማሽ ያህሉ ከ1,000 ያነሰ ሕዝብ ያላቸው በመሆናቸው ጉዳዩ የአንዲት መንደር ብቻ አይደለም። የክፍፍሉ ቀመር መለወጥ አለበት፦ ስፋት፣ ደንና የውኃ ምንጭ ከሰው ቁጥር ጎን ይቆጠሩ፤ ውኃውን የሚጠጣው ከተማም ምንጩን ለሚጠብቀው ተራራ ድርሻውን ይክፈል።